የጣሊያን ጊዜ ወንበር

ደሴ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ከአፉ አይጠፋም፤ «ይሄ እኮ የጣሊያን ጊዜ ነው!» ቁም ሳጥኑ የጣሊያን ጊዜ፣ ኩራዙ የጣሊያን ጊዜ። አንድ እግሩ የጎደለ ጠረጴዛ ከሆነማ እግሩን የቆረጠው ባንዳ ነው ለማለት ምንም አይቀራቸው። ጣሊያን ደሴን የያዘው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፤ በሚያዝያ 1933 ለቆ ወጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ መንገድ እየጠረገ፣ ከአርበኛ ጋር እየተታኮሰ፣ ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ የሚሸጠውን የቤት ዕቃ ሁሉ በየትኛው እጁ እንደሠራው አላህ ይወቅ።

ይህን እያወቅሁም አሮጌ ወንበር ካየሁ አልፌ መሄድ ያቅተኛል። እኔ በምኖርበት ኩታበር ጥቂት ብር የተረፈው ሰው በግ ይገዛል። በግ ይወልዳል፣ ፀጉሩ ባና ይሆናል፣ ቆዳው አጎዛ፤ እንግዳ ሲመጣም ይታረዳል። ወንበር ከነዚህ አንዱንም አያደርግም። ቢሆንም እኔን የሚጠራኝ እሱ ነው።

የዛሬው ባለታሪክ ዝቅ ያለ፣ ቀይ ላስቲክ የለበሰ፣ ላስቲኩም በየቦታው የተሰነጠቀ ባለመደገፊያ ወንበር ነው። ሻጩ ሽማግሌ ከላዩ ላይ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «የኔ ጌታ፣ ኮሎኔሉ ቁርሱን ይበላበት ነበር» አሉኝ። የትኛው ኮሎኔል እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ብጠይቃቸው ስሙንም ከነማዕረጉ ይነግሩኝ ነበር። እኔን የያዘኝ የክንድ ማሳረፊያው ነው። ከአንድ ወጥ ዋንዛ ተጠርቦ ጫፉ ላይ ወደ ውጭ ዞር ይላል፤ እጅ ሲያርፍበት ክርን ቦታውን ሳይፈልግ ያገኛል። ያንን የጠረበ አናጢ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጁ ይባረክ። ተከራከርን፣ ሁለት ጊዜ ጥዬ ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ተጠራሁ፣ ገዛሁ።

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ወንበሩን ዞሮ ዞሮ አየና «ይሄ ይከፍላል» አለ። «ዕቃ ነው እኮ!» ስለው «ወንበር ይዞ ወንበር የሚፈልግ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለኝና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ወንበሩ የሰው ሒሳብ ከፍሎ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጣ። ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ።

ቦሩ ሜዳን ያለ ጨዋታ ማለፍ አልወድም። አፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ሰብስበው በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው፤ የወሎው መሐመድ አሊም ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉት ያን ተከትሎ ነው። እኒሁ ንጉሠ ነገሥት በመቀሌው ቤተ መንግሥታቸው ያስቀመጡትን ዙፋን የሠራላቸው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል ጣሊያናዊ አናጢ ነበር። እንግዲህ ስሙ የታወቀ፣ በእውነተኛ ጣሊያን እጅ የተሠራ መቀመጫ ይኸውላችሁ፤ ያውም ደላሎቹ ከሚምሉበት «የጣሊያን ጊዜ» በሃምሳ ዓመት ይቀድማል። ይህን ለጎኔ ተሳፋሪ ሳወራለት «ያንተው ግን ላይ ሆኖ እየበሰበሰ ነው» አለኝ።

ኩታበር ገብቼ ወንበሩን ከምድጃው ራቅ አድርጌ ሳስቀምጥ ጎረቤቴ መጡ። በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ቡና ያለ እሳቸው ዱዓ የማይጠጣብኝ ሴት ናቸው። ወንበሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ልክ ለቅሶ እንደ መጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አብሽር ልጄ፤ ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል» አሉኝ። ተቀመጡበት ብላቸው መደቡን መረጡ። ከሳቸው በኋላ የመጡት ሁለት እንግዶች ግን ተራ በተራ ተቀመጡበት። አቦሉ ሳይወርድ አንዱ ጭኑን ማከክ ጀመረ። ቶናው ላይ ሁለተኛው ተከተለው።

ትኋን ነበር። ትኋን ያለ ደም ወራት ሊቆይ የሚችል ፍጥረት ነው፤ ኮሎኔሉን ባይጠብቅ እንኳ እኔን ጠብቋል። ወንበሩ በዚያው ሌሊት ግቢ አደረ፤ በማግስቱ በአናጢ እጅ ወደቀ።

የሰፈራችን አናጢ ልጅ እግር ነው፤ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። ካቻቢቴውን አንስቶ ከሥር ብሎኑ ላይ ሲሞክር እምቢ አለው፤ ባለ መስቀሉን አምጥቶ ፈታው። ይኼኔ የኮሎኔሉ ነገር አበቃለት። የባለ መስቀል ብሎን መብት ሄንሪ ፊሊፕስ በሚባል አሜሪካዊ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ጣሊያን ደሴ የገባበት ዓመት መሆኑ ነው። መጀመሪያ የታሰረውም ካዲላክ መኪና ላይ ነው። ኮሎኔሉ ቁርሱን ዲትሮይት ካልበላ በቀር ነገሩ አይገጥምም።

ላስቲኩ ሲገፈፍ ጭድ፣ ጭዱ ሲራገፍ ጆንያ ወጣ። የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ነበር፤ የፈረንጁ ፊደል ደብዝዞም ይታያል። የፈላ ውኃ ይዘው የመጡት ጎረቤቴ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጠው ጆንያውን በጣታቸው ፈተሉት። «የሰባ ሰባት ነው» አሉ። «ስንዴው እንኳ በስፍር ነበር፤ ማን ከማን ይበልጣል አይባልም። የሚያጣላን ጆንያው ነበር። ከሱ ቀሚስ የሰፋች አለች።» አናጢው ያኔ አልተወለደም፤ ዝም ብሎ ብሎኑን ቆጠረ። እሳቸውም ጆንያውን አጣጥፈው «አጥቤ በርበሬ አሰጣበታለሁ» ብለው ወሰዱት፤ ውኃውን ለእኛ ተዉልን።

ስለዚህ ወንበሬ የደርግ ጊዜ ነው ማለት ነው፤ ቢያንስ ልብሱ። «የደርግ ጊዜ ነው!» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም። ወደፊት ግን መምጣቱ አይቀርም። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ልኬለት ከሳቀ በኋላ የነገረኝ የሕንድ ታሪክ ይህን ያሳስበኛል። ቻንዲጋር በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ፒየር ዣንረ የሚባል የስዊስ አርክቴክት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቲክ እንጨት ወንበር አሠራ። ወንበሮቹ ሲያረጁ ግቢና ጣሪያ ላይ ተጣሉ፤ በቁርጥራጭ ዋጋ በጨረታ ወጡ። የአውሮፓ ነጋዴዎች ለቅመው በሺህ ዶላሮች ሸጧቸው። የሕንድ መንግሥት ሽያጩን ልከልክል ያለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ገዢዎቹ ደግሞ አጥብቀው የሚፈልጉት ምን መሰላችሁ? ጀርባው ላይ በቀለም የተጻፈውን የመሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር! የእድራችን አግዳሚዎች ሁሉ እንዳይሰረቁ ተብሎ የእድሩ ስም በዘይት ቀለም ተጽፎባቸዋል። ሊቀ መንበሩን ቀለሙን እንዳያስፍቁት ለምኛቸዋለሁ፤ ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ትኩር ብለው አዩኝ።

የአክስቴ ልጅ እዚያው ቨርጂኒያ ያለውን ጆሞ ታሪኩንም አነሣልኝ፤ አዲስ አበባ ያደገ፣ የኒያላን ቀንድ ቅርጽ ወደ ወንበር መደገፊያ የለወጠ፣ ሥራው «ዋካንዳ ፎረቨር» ፊልም ላይ የታየለት ዲዛይነር ነው። ደስ አለኝ፤ ይገባዋልም። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣው የጅማ ጠራቢ ግን ስሙን ጠይቆት የሚያውቅ ገዢ ያለ አይመስለኝም። እኔም የጅማ በርጩማ አለኝ፤ ጠይቄ አላውቅም።

በርጩማዋን ያነሣኋት አሁን የምቀመጠው እሷ ላይ ስለሆነ ነው። አናጢው ወንበሬን አጥቦ፣ ጠግኖ፣ ክንዱን በዘይት አሽቶ ሱቁ በር ላይ አወጣው። የክንዱን ዙር በካርቶን ልክ አንሥቶ ከባሕር ዛፍ ሁለት ሠራ፤ ሁለቱም በሳምንቱ ተሸጡ፤ ያውም እኔ ለዋናው ከከፈልኩት በላይ። አሁን ለሙሽሮች ጥንድ ጥንዱን ያዝዙታል። ለገዢ ምን እንደሚላቸው አንድ ቀን ቆሜ ሰማሁ፤ «የውጭ ሞዴል ነው፤ ዋናው እዚሁ አለ፣ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት» ይላል። ሄጄ ወንበሬን ስጠይቀው ከመቀመጫው ይነሣልኛል፣ «ጋሼ» ይለኛል፣ ሻይ ያዝዝልኛል። ከዚያ «ጥር ይለፍ እንጂ» ይለኛል።