የሟች አቶ ዳክዬ አደን የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመዶች፣ ለቀስተኞች፣ በተለይ ከአባይ ማዶ በእግራችሁ የመጣችሁ፤ ድንኳኑ ጠባብ ነውና ተጠጋጉ። ሟቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የላስቲክ ሽጉጣቸውን ያልጨበጠ የባሕር ዳር ልጅ ካለ ጆተኒ ላይ ተጥዶ የነበረ ብቻ ነው።

አቶ ዳክዬ አደን ከኒንቴንዶ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ ተወለዱ። ሲወለዱ ጌም አልነበሩም፤ ግድግዳ ላይ የዳክዬ ምስል በብርሃን የሚያበርሩ የልጆች መጫወቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቴሌቪዥን ውስጥ ገቡ፤ ሳንቲም በሚጎርሰውም ሣጥን ተቀጠሩ። እኛ ዘንድ የደረሱት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ «9999 ጌም» የሚል የቅጂ ካሴት ውስጥ ተጨናንቀው ነው። 9999 ማለት እነማሪዮና እነኮንትራ ስም እየቀየሩ ሲመላለሱ ማለት ነበር። ካሴቱ እምቢ ሲል ተነቅሎ እፍ ይባልበታል።

በጎ ምግባራቸውን ቄሱ ይናገሩላቸው። እኔ ስለ ውሻው ነው የመጣሁት።

ያ ውሻ! ለአንድ ዳክዬ 3 ጥይት ነው ያለህ። ሦስቱንም ስትስት ከሣሩ ውስጥ ብቅ ይልና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይስቅብሃል። ከወፍጮ ቤት መልስ ላይ ቆርሰህ፣ ለቁጣው ተዘጋጅተህ በከፈልከው ገንዘብ! ተናደህ ብትተኩስበት አይሞትም። በውጭ አገር፣ ሳንቲም በሚጎርሰው ሣጥን ላይ ግን ውሻውን መምታት ይቻል ነበር። ለእነሱ በቀሉ ተፈቀደ፤ ለእኛ ሳቁ ብቻ ተላከልን። ነፍሳቸውን ይማርና ሟቹ ይህን ሲያደርጉ ምን አስበው ነው?

ሌላም ገመና አላቸው። ዳክዬዋን በጆይስቲክ እንደፈለጉ ማብረር ይቻላል። ይህን የሚያውቀው ጌም ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ነበር፤ ከጀርባችን ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ በአውራ ጣቱ ያሸሻታል። እኛ ሽጉጡን መስታወቱ ላይ ለጥፈን፣ የክንዳችን ፀጉር በቴሌቪዥኑ ኤሌክትሪክ ቆሞ፣ እንስታለን። ሐቀኛ ወፍ ብንፈልግ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ጣና ነበር፤ ፔሊካኑ ዓሣ ከሚበልቱት ሰዎች አጠገብ አንጀት ሲጠብቅ ይውላል። ያንን ቀና ብሎ ያየ ማን ነበር!

የቆየ ሕመማቸው መብራት ነው። ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር ኃይል ያመነጭ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የጣናን ውኃ የሚቀዳው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። አሥረኛዋ ዳክዬ ላይ ስንደርስ ግን ድርግም! ገንዘብ አይመለስም።

ወደ አሟሟታቸው ልግባ። ያ ሽጉጥ ምንም አይተኩስም ነበር፤ የሚሠራው ማየት ነው። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልምና ዳክዬዋ ያለችበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ይበራል። በአፈሙዙ ውስጥ ያለችው ዓይን ነጩን በሰዓቱ ካየች ዳክዬዋ ወደቀች። ይህ የሚሆነው ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ በተገፋው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ጠፍጣፋው ምስሉን ትንሽ አዘግይቶ ስለሚያወጣ ሽጉጡ ታወረ።

የገዳያቸውን ስም አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጦ ንፍሮ እየዘገነ ይሆናል። ጠፍጣፋውን የሰቀለው እሱ ነው። ጌም ቤቱንም ቤቲንግ ቤት አደረገው። የያኔዎቹ አዳኞች ዛሬ እዚያው ግድግዳ ተደግፈው፣ ትኬት ጨብጠው፣ ተጫዋቾቹን በስም የማያውቁትን ቡድን ጎል ይጠብቃሉ። አንተ ገዳይ፣ እኛ ቢያንስ ሲሳቅብን ፊት ለፊት እያየን ነበር።

ውሻውን ስሰድብ መዋሌ አይካድም፤ ግን ሟቹ ቆመው ሳሉ በዚህ ከተማ ልጅ ሽጉጥ እንደጨበጠ በር ላይ ሲታይ እናቱ «እራትህ ቀዘቀዘ» ብቻ ትለው ነበር። እኔ ያለቀስኩት ለዚህ ነው፤ ለሌላው እናንተ አልቅሱ።

ዕድሩ ቡና እያፈላ ነው፤ እንዳትበተኑ። ውሻው ሊያስተዛዝን ከመጣ ግን በድንኳኑ በር እንዳታሳልፉት።