ካፒቴን ፎቶ ኮፒ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላስገለብጥ ሳንሱሲ ታክሲ መውረጃው አጠገብ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁና አርባ ደቂቃ ተገተርኩ። ማሽኑን የያዘብኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። “ካፒቴን” እንለዋለን፤ እስካሁን ያበረረው ግን የወረቀት አውሮፕላን ብቻ ነው። “ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ሦስት መቶ ገጽ ነው የቀረኝ” አለኝ፣ ሦስት መቶን እንደ ሦስት ቆጥሮ።

የሚያስገለብጠው ለግል አብራሪነት ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና የሚነበብ መጽሐፍ ነው። በምኞቱ አልስቅበትም። ከሳንሱሲ ተነስተው ቡራዩን ካለፉ ገፈርሳ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ይዞ መጥቶ ያረፈው እዚያ ነበር፤ የአገራችን የአቪዬሽን ታሪክም ከዚያ ቀን ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪ ሆኑ። ያኔ ታዲያ ቴሌግራም ማለት በሽቦ የሚመጣ መልእክት ነበር፤ እነ ሚሽካ ገብተው “ማቴሪያል ያላችሁ?” የሚሉበት ግሩፕ አልነበራቸውም።

ካፒቴን ግን አለው። አሥራ አንድ ግሩፕ። “ወንድሞች፣ የሚቲዎሮሎጂ ፒዲኤፍ ያላችሁ ተባበሩኝ” ብሎ ይለጥፋል። አሥር ሰው “እኔም እፈልጋለሁ” ይላል፤ አሥራ አንደኛው “ኢንቦክስ” ይላል። ኢንቦክስ ያለው ሰው 700 ብር ካስላከ በኋላ የሚሰጠው ምን መሰላችሁ? የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማንም ሰው እንዲያወርደው በነጻ የለቀቀውን፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለውን የአብራሪዎች የዕውቀት መመሪያ። ካፒቴን ይህንኑ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ገዝቶታል። የፋይሉ ስም ሦስት ዓይነት ነዋ፤ አንዱ “ፋይናል”፣ ሌላው “ፋይናል አዲሱ”፣ ሦስተኛው “ለማንም እንዳትሰጥ”።

64 ጊጋው ፍላሽ ሞልቷል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከግል አብራሪ የሚጠብቀው ዕውቀት ከአየር ሕግ እስከ አየር ጠባይ፣ ከበረራ አቅጣጫ እስከ ሬዲዮ ንግግር 9 ዘርፍ ነው። በካፒቴን ፍላሽ ላይ 9ኙም ፎልደር አላቸው፤ በየፎልደሩ ውስጥ ሌላ ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ “በኋላ የሚነበብ” የሚል አለ። እናቱ “ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?” ሲሉት “ማቴሪያል እያሟላሁ ነው፣ እማዬ” ይላቸዋል። ሁለት ዓመቱ። የሰፈራችን ስም በፈረንሳይኛ ጆሮ ሲሰማ “ያለ ሐሳብ” እንደማለት ነው፤ ልጁ በሰፈሩ ወጥቷል።

እሱን ብቻ ማማትም ነውር ነው። ያስገለበጥነውን ያነበብነው፣ የጠረዝነውን ደግሞ ተፈትነን ያለፍነው የሚመስለን ብዙ ነን። እኔም ቤት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥራዝ አለ፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ የሽሮ ዕቃ መክደኛ ሆኖ አገልግሏል።

ከካፒቴን ጥራዞች ሁሉ በእጅ ብዛት የወየበው አንድ ብቻ ነው፦ ጥያቄና መልሱ። መልሱን ብቻ መሸምደድ ከመንጃ ፈቃድ ፈተና የወረስነው አመል ነው። ወረፋዬን ስጠብቅ ልፈትነው ብዬ ገለጥኩና “ሙቀት ሲጨምር አውሮፕላን ለመነሳት የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ምን ይሆናል?” አልኩት።

“ቢ።”

“ቢ ምንድን ነው?”

“ጥያቄ 41 ነው፣ ጋሼ። መልሱ ቢ ነው።”

“ለምን?”

“ለምን የሚል ጥያቄ አይመጣም።”

ለምን የሚለው ጥያቄ ግን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀው ነው። ማሽኑ የሚተፋውን ትኩስ ትኩስ ገጽ ቆሜ ሳነብ የገባኝ ይኸው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 7,600 ጫማ ይጠጋል። በመጽሐፉ መደበኛ ስሌት ባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ የሆነው ሙቀት በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ቦሌ ሲደርስ ዜሮ ግድም መሆን ነበረበት። እኛ ዘንድ ቀኑ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም 10,000 ጫማ ላይ ያሉ ያህል ይደክማሉ። መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ሽቅብ መውጣቱ ይዘገያል። ይህን ሁሉ ለካፒቴን ሳስረዳው በአድናቆት አየኝና “ጋሼ፣ ይሄን የት አገኙት? ሶፍት ኮፒ አለዎት?” አለኝ። በእጁ የያዘው ገጽ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ስለ መብራት የሚያወራው ገጽ ወጣ። አውሮፕላን በግራ ክንፉ ጫፍ ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ፣ ከኋላው ነጭ መብራት ይይዛል። ማታ እየበረርክ ከፊትህ ቀይና አረንጓዴውን አንድ ላይ ካየህ፣ ሌላ አውሮፕላን ፊት ለፊት እየመጣብህ ነው ማለት ነው። ኮፒው ላይ ግን ሁለቱም መብራቶች ጥቁር ናቸው፤ አንደኛው ትንሽ ጠቆር ይላል፣ እሱም የማሽኑ ቀለም ስለተዝረከረከ ነው።

“ካፒቴን፣ ቀዩ የትኛው ነው?”

ገጹን አዙሮ አየው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎም አየው። “ከለር ዋጋው እጥፍ ነው፣ ጋሼ” አለኝ።

የእኔ ተራ ሲደርስ የማሽኑ ቀለም አልቆ መታወቂያዬን ሳላስገለብጥ ወጣሁ። እናንተም ልጁን ካገኛችሁት አሥራ ሁለተኛ ግሩፕ እንዳትጠቁሙት፤ ያቺን አንዲት ገጽ ብቻ በከለር አትማችሁ ስጡልኝ።