ሐምሌ፣ ጋቢና የእኔ ጀርባ

አማቱን «ቦርሳዎ ትልቅ ነው» ብሎ በሰላም ያደረ አማች ካለ ብታስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል። እኔ አልሞከርኩትም። የመረጥኩት ዝምታን ነው፤ ያ ዝምታ በሚዛን ሲለካ አሥራ ሁለት ኪሎ ግድም ሆኖ ተገኘ።

አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ወደ ሜሪላንድ መጥተው ነበር። ልጆቹ ትምህርት ዘግተዋል፤ አያታቸውን ይዘው ኦርላንዶ፣ ዋልት ዲስኒ ወርልድ ካልሄዱ የእረፍት ጊዜው እረፍት እንዳልሆነ ወስነዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከዚያ በአይ 95 አውራ ጎዳና 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን ብንሄድ ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር፤ አየር መንገድ ሻንጣ ይመዝናል። መኪና ግን የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

እኔ በበኩሌ ተዘጋጅቻለሁ። ለፓርኩ ብዬ አሥር ሊትር የምትይዝ፣ ስስና ቀላል የጀርባ ቦርሳ ገዝቻለሁ። ፓወር ባንክ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ሲታጠፉ ጭብጥ የማይሞሉ የፕላስቲክ የዝናብ ልብሶች፣ ባዶ የውሃ ኮዳ፣ ለልጆቹ የሚቀመስ ነገር። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ትኬቱ ስልክ ውስጥ ነው፤ ካርታው ስልክ ውስጥ ነው፤ ምሳ የሚታዘዘው በስልክ ነው። ስልኩ እንዳይሞት መጠንቀቅ እንጂ ቤት ይዞ መዞር ምን ይሉታል?

አማቴ ቦርሳዋን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ግራ ቀኟን አዩና፣ «ይቺ የትንሿ ምሳ ዕቃ መያዣ ናት?» አሉ።

«የሁላችንም ናት፣ እማዬ።»

«የሁላችንም!» አሉና ቦርሳዋን አልጋው ላይ በቀስታ አስቀመጧት። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደው ድሮ ተራራ እወጣለሁ ብዬ የገዛሁትን፣ አርባ ሊትር የሚይዘውን ቦርሳ ጎትተው አወጡ። ባለቤቴን አየኋት። ባለቤቴ የልጆቹን ካልሲ ማጣጠፍ ጀመረች፤ ካልሲዎቹ ግን ቀድሞውኑ ተጣጥፈው ነበር።

መጀመሪያ የገባው ጋቢ ነው። ባለ አራት ድርብ ጋቢ፣ ለፍሎሪዳ። እዚህ ላይ አማቴን ልከላከልላቸው ይገባል። እሳቸው ሐምሌን ሰባ ዓመት ያውቁታል። አዲስ አበባ ሐምሌ ማለት ሰማዩ የጨለመበት፣ ዝናቡ የማያባራበት፣ ቴርሞሜትሩ ከ20 ዲግሪ እምብዛም የማይርቅበት ወር ነው። ኦርላንዶ በዚያው ወር ቀን ቀን 33 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ እርጥበቱ ሲጨመርበት ደግሞ ቆዳ የሚሰማው ከዚያም በላይ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ሐምሌ አይደል እንዴ?» ብለው የጋቢውን ጫፍ ወደ ውስጥ ጠቀጠቁት።

ከጋቢው በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ ከነምናልባቱ ገባ። ምናልባት ልጆቹን ቢበርዳቸው፣ ሹራብ። ምናልባት ቢርባቸው፣ ዳቦ ቆሎ በሁለት ከረጢት። ምናልባት የውጭው ውሃ ባይስማማቸው፣ ከቤት የተቀዳ አራት ሊትር። ምናልባት ፀሐይ ቢበረታ፣ ጃንጥላ። ምናልባት ጉሮሯቸውን ቢይዛቸው፣ ዝንጅብል በማር በብርጭቆ ብልቃጥ። በመጨረሻ አንድ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና ገባ። ለቡናው ምናልባት አልተሰጠውም፤ ቡና ምክንያት አያስፈልገውም።

ቦርሳውን የሞሉት እሳቸው ናቸው፤ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ቦርሳዎች ሁሉ ታሪክ ይህ ይመስለኛል። የሚሞላው ራሱ ቢሸከም ኖሮ የቦርሳ ነጋዴ ከአሥር ሊትር በላይ የሆነውን ለማን ይሸጠው ነበር? አማቴ ራሳቸው የያዙት መቀነታቸውን ብቻ ነው። አንዱ ጫፉ ላይ ጥቂት ዶላር ቋጥረዋል፤ እጃቸው ነፃ፣ ጀርባቸው ነፃ፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው እንደ ጎብኚ ንግሥት ይራመዳሉ። በዚያ ቀን በፓርኩ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ የትንሽ ቦርሳን ጥቅም በተግባር ያሳዩት እሳቸው ነበሩ፤ የእኔን ጀርባ ካልቆጠርን።

ከዲስኒ ወርልድ ፓርኮች የመረጥነው አኒማል ኪንግደምን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው፣ ከዲስኒ ፓርኮች ሁሉ በስፋት ትልቁ። ጠዋት በር ላይ ሰው ከነቦርሳው በመፈተሻው መሐል ያልፋል፤ ጃንጥላና የብረት ዕቃ የያዘ ሰው ግን ከፊቱ በእጁ ዘርግቶ እንዲያልፍ ይጠየቃል። እኔ በአንድ እጄ ፔርሙዝ፣ በሌላው ጃንጥላ ዘርግቼ ጠበል እንደሚጠመቅ ሰው አለፍኩ። ቦርሳው ግን አላለፈም። ፈታሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በትሕትና ዚፑን ስትከፍት፣ ታምቆ የከረመው ጋቢ እፎይ ብሎ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ዝም አለ። ሴትዮዋ ጫፉን ስትፈልግ ከሥሩ ያገኘችው ብልቃጡን ነበር።

ብርጭቆ አይገባም፤ የሕፃን ምግብ ካልሆነ በቀር። ይህን ለአማቴ አስረዳሁ። ወደ መኪናው ልመልሰው ብል የመኪና ማቆሚያው ሩቅ ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ ከወዲሁ ሥራ ጀምራለች። አማቴ ጥቂት አሰቡና፣ «የተከለከለው ዕቃው ነው ወይስ ማሩ?» ብለው ጠየቁ።

«ዕቃው።»

«እንግዲያውስ» አሉና ከቦርሳው ኪስ ማንኪያ አወጡ። (ማንኪያ እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር።) እዚያው በሩ አጠገብ ዳር ይዘን ከትንሿ ጀምሮ በየተራ ጎረስን። ዝንጅብል በጠዋት፣ በዚያ ሙቀት፣ በባዶ ሆድ! ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ፈታሿ በሐዘኔታ አየችኝ። ለእሷም አንድ ማንኪያ ዘረጉላት፤ ፈገግ ብላ እምቢ አለች። «ትቅርባት» አሉ አማቴ። ማሩ እንዲህ አለቀ። ባዶውን ብልቃጥ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲከቱ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ክዳኑ ገና አዲስ ነበር።

ፓርኩ መሐል የሕይወት ዛፍ የሚሉት 44 ሜትር የሚረዝም ሰው ሠራሽ ዛፍ ቆሟል። ውስጡ በባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ መድረክ ዓይነት የብረት አጽም የተሠራ ነው፤ ግንዱ ላይ ከ300 በላይ እንስሳት ተቀርጸዋል፤ ቅጠሎቹ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው፣ አንዳቸውም አይረግፉም። ልጄ ይህን ሁሉ ስታስረዳቸው አማቴ ቀና ብለው እስከ ጫፉ አዩትና፣ «ያኔ ችግኝ ተክለውበት ቢሆን እስካሁን ያድግ ነበር» አሉ።

ሳፋሪው ላይም እንዲሁ ነው። በክፍት መኪና ቀጭኔና ዝሆን እያየን ስንሄድ ሾፌሯ ስለ አፍሪካ ሜዳ ትናገራለች፤ አማቴ ግን ዓይናቸው ዛፎቹ ላይ ነው። «ይሄ ግራር አይደለም» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ሾፌሯን ላለማሳፈር። እውነታቸውን ነው፤ የፍሎሪዳ ኦክ ነው፣ ራሱን ግራር አስመስለው የከረከሙት። «እሾህ የሌለው ግራር የት አለ?» አሉ። እኔ ቦርሳውን በጉልበቶቼ መሐል ይዤ ስለነበር ቀጭኔውን ያየሁት ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ላይ ብቻ ነው። ከቀጭኔ ግን ይህ ብዙው ክፍል ነው።

አሁን ስለ ጀርባ እንነጋገር። የሰው ገላ በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። የፍሎሪዳ አየር በሐምሌ እርጥበት ስለጠገበ ላብን እንደልቡ አይወስድም፤ ላቡ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ እግር ድረስ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አገር ጀርባን የሚያክል ሰፊ ቦታ በጋቢና በሹራብ በታጨቀ ቦርሳ መክደን ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ እርምጃ ይነግራችኋል። ውሃ ደግሞ በሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ድርድር የለውም። እኔ ውሃ ተሸክሜ ውሃ ሆኛለሁ።

እኩለ ቀን ላይ አንዱ ምግብ ቤት ባንኮኒ ሄጄ የበረዶ ውሃ በኩባያ ይዤ ተመለስኩ። «ስንት ነው?» አሉ አማቴ።

«በነፃ ነው፣ እማዬ። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ።»

«በረዶውም?»

«በረዶውም።»

ጠጡና ረኩ። ከዚያ ከልብ በመነጨ ርኅራኄ አዩኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ውሃ ለምን ተሸክመህ ትንከራተታለህ፣ ልጄ?»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ካሊ ሪቨር ራፒድስ ወደሚባለው የጀልባ ጨዋታ ጎተቱን። አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ክብ ጀልባ ነው፤ በጎርፍ ላይ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ማን እንደሚርስ ጀልባዋ ናት የምትወስነው። አማቴ ትንሿ ልጅ ስትለምናቸው እሺ አሉ። መሐሉ ላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ክዳን ያለው ስፍራ አለ፤ የሌሎቹ ተሳፋሪዎች ትንንሽ ቦርሳ በሙሉ እዚያ ገብቶ ቦታ ተረፈ። የእኛን ስሞክረው ግማሹ ገባ፣ ግማሹ በር ላይ እንደተጣበቀ በሬ ቀረ። አወጣሁትና እግሬ ሥር አደረግሁት።

የመጀመሪያው ማዕበል አማቴን አልፎ እኔን መታ። ሁለተኛው አማቴን አልፎ ቦርሳውን መታ። ሦስተኛውም እንዲሁ። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ደርቀው ወረዱ፤ ይህን እስከ ዛሬ የጸሎታቸው ውጤት ነው ይላሉ። ጋቢውስ? ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ እምቢ አይልም። ከጀልባዋ ስወርድ ቦርሳው ከትከሻዬ ጋር አዲስ የኪሎ ስምምነት ጠየቀ።

መጭመቅ የግድ ሆነ። ሀራምቤ የሚባለው የፓርኩ ክፍል በምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አምሳል የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ሆን ተብሎ የተላላጠ፣ ግድግዳው ሆን ተብሎ ያረጀ። እኔና ባለቤቴ ጋቢውን በሁለት ጫፍ ይዘን ጠመዘዝነውና አንዱ አጥር ላይ ዘረጋነው። አማቴ ሥሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቤተሰብ መጥቶ ፎቶ እንዲነሱ በእጅ ምልክት ለመናቸው። የፓርኩ ትርዒት አካል መስለዋቸዋል! አማቴ ሳያንገራግሩ ተነሡ። ሌላ ቤተሰብ መጣ። ከዚያ ሰልፍ ቢጤ ሆነ። በዚያ ሰው ሠራሽ አፍሪካ ውስጥ እውነተኛ የነበሩት ነገሮች እንስሳቱ፣ አማቴና ጋቢው ነበሩ፤ ሕዝቡ ይህን ማወቁን አደንቃለሁ።

ከቀትር በኋላ የፍሎሪዳ ሰማይ ልማዱን አደረሰ። በዚህ ወቅት ከአትላንቲክና ከባሕረ ሰላጤው የሚነሡት ሁለት የባሕር ነፋሶች ልሳነ ምድሩ መሐል ሲጋጠሙ ደመናው ወደ ላይ ይቆለላል፤ ከዚያ ነጎድጓድ ነው። ዶፉ ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ሮጠ። እኔ ጋቢውን ከአጥሩ ላይ ነጥቄ ስደርስ አማቴ ጣሪያ ሥር ቆመው በድል አድራጊ ፊት ጠበቁኝ።

«አላልኩም? ሐምሌ ሐምሌ ነው!»

ምን ይመለሳል? የዝናብ ልብሶቹን ማውጣት አላስፈለገም፤ ከሥር ስለነበሩ ማግኘትም አልተቻለም። አማቴ ፔርሙዙን ከፈቱ። ዳቦ ቆሎው ወጣ። በፔርሙዙ ክዳን በየተራ ትኩስ ቡና ጠጣን፤ ዝናቡ ቀዝቀዝ አድርጎልን ነበርና ቡናው በደንብ ወረደ። ዳቦ ቆሎው በአጠገባችን ለተጠለሉ ለማናውቃቸው ሰዎችም ደረሰ። በዚያ ቀን ከታየው ሁሉ ልጆቼ አሁን ድረስ የሚያወሩት ስለዚህ ነው፤ የትኬቱን ዋጋ ለማውራት ግን ቦታው አይደለም።

ማታ ሆቴል ስንደርስ ቦርሳውን አልጋ ላይ ገለበጥኩት። ሹራቦቹ ሳይነኩ ተመልሰዋል፣ ርሰው። ከውሃው ሦስት ሊትር ተመልሷል። የሠሩት የፀሐይ ክሬሙ፣ ፓወር ባንኩ፣ ዳቦ ቆሎውና ፔርሙዙ ናቸው፤ ሁሉም አሥር ሊትሯ ውስጥ ይገቡ ነበር። ይህንን በጨዋ ደንብ አመለከትኩ። ነገ ቦርሳውን የሚሞላው ሰው ራሱ ይሸከመው የሚል ሐሳብም አቀረብኩ። ሐሳቡ አልተደገፈም።

በሐምሌ ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች፣ ፓርኩ የሚፈቅደው የቦርሳ መጠን እስከ 61 በ38 በ46 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ መሙላት ያለባችሁ ኮታ አይደለም። ባዶ ኮዳ፣ ክሬም፣ ባርኔጣ፣ የዝናብ ልብስ፣ የስልክ ባትሪ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እሱን ያዙ፤ ይህ ሁሉ አሥር ሊትር አይሞላም። አማታችሁ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ግን ምክሬን እርሱት። ትልቁን ያዙ፤ ፔርሙዙን ከላይ አድርጉ።