ለሐኪም ሩዝ የቀረበ ውዳሴ

ላፕቶፕ ላይ ማኪያቶ ሲደፋ እኛ ዘንድ የማይናወጥ ሥርዓት አለ። መጀመሪያ ሁሉም በአንድ አፍ «ውይ!» ይላል። አንዱ ሶፍት ይዞ ይደርስና ማኪያቶውን በቁልፎቹ መካከል ወደ ውስጥ በደንብ ይጠቀጥቀዋል። ሌላው «እስኪ አብሪውና እንየው» ይላል። ይበራል። «እሰይ! ምንም አልሆነም!» ይባላል፤ ደስታው ሳያልቅ ድርግም ይላል። ያኔ ከጥግ የተረጋጋ ድምፅ ይሰማል፦ «ሩዝ ውስጥ ክተቱት።» ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። ነገሩ ለሚመለከተው አካል ተመርቷል።

በዘመድና በጓደኛ ዘንድ «ኮምፒውተር ያውቃል» የሚል ስም ስለወጣልኝ፣ ከሩዝ የተረፈው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ስለዚህ የዚህን እህል ሙያ ለማድነቅ ከእኔ የቀረበ የለም። ፎገራ ሜዳ ላይ የሚበቅለው እኛን ለማጥገብ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካስ መሐንዲስ ኖሯል! ብሎን ሳይፈታ፣ ክዳን ሳይከፍት፣ ከውጭ እንደተኛ ማዘርቦርዱ ላይ የፈሰሰውን ማኪያቶ ጠርቶ ያወጣዋል። ውሃውን ይመጠው እንበል። ወተቱንና ስኳሩን ምን እንደሚያደርጋቸው እስካሁን አልተገለጠልንም። ምናልባት ይልሳቸው ይሆናል።

እንዲህ ያለ ሐኪም በየጓዳው እያለልን ለምን ጠጋኝ እናሠለጥናለን? ሕክምናው በወግ ይደራጅ እንጂ። የሰፈር ሱቅ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያ ይሁን። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ይመርምር።

«ሻይ ነው ማኪያቶ?»

«ማኪያቶ።»

«ስንት ማንኪያ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ስኳር አለበት። ከዚህ በፊት ይታወቅ ነበር?»

ቀለል ያለው ታማሚ አንድ ኪሎ ታዞለት እዚያው ይተኛል። ሩዝ ካለቀ «አልጋ የለም» ይባላል፤ ባለቤቱ ዘመድ ፍለጋ ይሮጣል። የባሰበት ሪፈር ተጽፎለት መርካቶ ጅምላ አከፋፋዮች ዘንድ ይወሰድና ኩንታሉ ውስጥ ፅኑ ሕሙማን ይገባል። አስታማሚ ከአንድ ሰው በላይ አይፈቀድም፤ እሷም ቻርጀሩን በፌስታል ይዛ ውጭ ትጠብቃለች። ከዚያ ያለፈውን ደግሞ በሌሊት አውቶቡስ ወረታ አድርሶ ፎገራ ሜዳ ላይ መቅበር ነው። በአጨዳ ወቅት ገበሬው ማጭዱን ያቆምና «እናንተ፣ ይሄኛው ነቅቷል! ፋኑ መዞር ጀምሯል!» ብሎ ይጣራል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ገበሬውም በዓመቱ መጨረሻ ለክልሉ «ከእያንዳንዱ ሄክታር ይህን ያህል ኩንታልና ይህን ያህል ላፕቶፕ» እያለ ሪፖርት ያደርጋል። ማኪያቶ የጠጣውም ሩዝ ቢሆን አይጣልም፤ ወተቱንም ስኳሩንም ይዞ ስለሚመጣ ለቁርስ ይሆናል።

ቅር የሚለው ጤፍ ብቻ ነው። «ከሩዝ በምን አንሼ ነው? ሙያው በየቀዳዳው መግባት ከሆነ ማን ይቀድመኛል?» ቢል እውነት አለው።

በቀዳዳ መግባቱን ስል ቀልድ የመሰለው ካለ፣ ከቻርጀር መሰኪያ ውስጥ የሩዝ ስብርባሪ በመርፌ የማወጣው እኔ ነኝ። ዱቄቱ ከእርጥበቱ ጋር ተቦክቶ ሊጥ ይሆናል። ማኪያቶ የተደፋበት ላፕቶፕ መጥቶልኝ ስከፍተው ማኪያቶም ሊጥም አገኛለሁ። ሩዝ ምንም አያወጣም! ጠረጴዛ ላይ ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ከሩዝ ከረጢት ይልቅ አየር ያገኛል። አፕል ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ለአይፎን ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ አታስገቡ፣ ስብርባሪው ሊጎዳው ይችላል ብሏል።

ይቅርታ፣ ውዳሴ ላይ ነበርን። የፀጉር ማድረቂያንም ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው፤ ከላይ የነበረውን ማኪያቶ እየነፋ ቺፖቹ ሥር ያደርስልናል፣ በዚያውም ፕላስቲኩን ያሞቅልናል። ፀሐይ ላይ የሚያሰጡትን እንደ በርበሬ ማገላበጥ እንዳይረሱ አደራ እላለሁ። አራግፈው አራግፈው፣ ያልረጠበ ቦታ እንዳይቀር የሚያደርጉትንም እጃቸውን ይባርከው።

የሚያሳዝኑኝ የላፕቶፕ ሠሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ቲንክፓድ የሚባሉት ላፕቶፖች ከኪቦርዳቸው ሥር የፈሰሰው በሆድ በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ ተሠርቶላቸዋል። ያን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? አንድ ኪሎ ሩዝ ከካርቶኑ ጋር ቢሸጡ አይቀልም?

ከሁሉ ግን ዘውድ የሚገባው «እስኪ አብሪውና እንየው» ባዩ ነው። ውሃ ብቻውን ላፕቶፕ አይገድልም፤ ገዳዩ እርጥበት ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ማዕድን፣ ወተትና ስኳር የያዘ ፈሳሽ መገናኘት የሌለባቸውን መስመሮች ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲያልፍበትም ብረቱ ይበላል። ላፕቶፑ ቢጠፋ እንኳ ባትሪው ሆዱ ውስጥ ስላለ አንዳንዱ መስመር እንደነቃ ያድራል። ውሃው ቢተን ስኳሩ እዚያው ይደርቅና ዝገቱ ቀስ እያለ ይሠራል። «ሩዝ አዳነልኝ» ያለ ሰው ከወር በኋላ «ዝም ብሎ ተበላሸ» የሚለው ለዚህ ነው። ዝም ብሎ አልተበላሸም። አብርታችሁት ነው የተበላሸው።

ሽሙጡ ይቅርና፦ መጠጥ ሲደፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ሶፍቱን ጫን አድርጋችሁ ሳትፈትጉ ላዩን አድርቁ፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ እንደ ድንኳን በአፉ ድፉት። ከዚያ በኋላ አታብሩት። ለማየትም፣ ለመሞከርም፣ «አንድ ፋይል ብቻ ላውጣ» ብላችሁም አታብሩት፤ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ስለሚተርፍ ፋይላችሁን ባለሙያው ያወጣላችኋል። ማኪያቶ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ተከፍቶ፣ ውሃ በማይበዛበት አይሶፕሮፒል አልኮል መጽዳት አለበት፤ ለእጅ የምንረጨው ሳኒታይዘር ይህን አይተካም። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ከተደፋበት በኋላ አብርታችሁታል?» ብሎ ነው። እባካችሁ እውነቱን ንገሩት።