ቀለሙ ገና አልደረቀም

በአዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ከሥር ያስገባዋል፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ይጥላል። ቤት ሊገዛ ሲሄድ ግን የሚከተለው ደላላ ነው። ትክክል ነው፤ መኪና ይበላሻል፣ ቤት የት ይሄዳል?

ደላላው ደግሞ ሙያ አለው። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ “የድሮ ሥራ!” ይላል። ከጭቃና ከባሕር ዛፍ በተሠራው ግድግዳ ውስጥ ምስጡ ስንት ዓመት እንደኖረ ባይነግርዎትም፣ ምስጥ እንኳ ወዶ የሰፈረበት ቤት መሆኑን መካድ አይቻልም። ከወለሉ ተነሥታ ኮርኒስ የደረሰችው ቀጭን የአፈር መስመር የልጆች ጨዋታ ናት። ትናንት የተቀባው ቀለም ለእርስዎ ክብር ነው። ከቁም ሳጥኑ ኋላ ስንጥቅ ቢኖር አየር ያስገባል። ጣሪያን በሐምሌ ማማት ደግሞ ደግ አይደለም፤ በጥር ይዩት።

ለመሐንዲስ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለደላላ 2 በመቶ መክፈል ግን ወግ ነው። ደግሞስ ካርታው ንጹሕ ነው፣ ዕዳና እገዳ የለበትም። ምስጥ በካርታ ላይ አይመዘገብም።

እንግዲህ ይፈርሙ። ቁም ሳጥኑን ግን ሻጩ ይዞት ይሄዳል።