ጀነሬተሩ በሶል ያዜማል

የኤሌክትሪክ ጊታር ፒካፕ በክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ክሩ ብረት ስለሆነ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያውካል፤ መስኩ ሲታወክ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ በኬብል አድርጎ አምፕሊፋየር ዘንድ ሲደርስ ሠርገኛን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ድምፅ ይሆናል። ሕጉን ማይክል ፋራዳይ የደረሰበት በ1831 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጊታር ላይ ገብቶ ለገበያ የዋለው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ጆርጅ ቢቻም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከሪከንባከር ጋር ባወጣው፣ ቅርፁን ያዩ ሁሉ “መጥበሻው” ባሉት ጊታር ነው። በአንድ ተራ የፌንደር ስትራቶካስተር ፒካፕ ላይ ከራስ ፀጉር እምብዛም የማይወፍር ሽቦ 8,000 ዙር ገደማ ይጠመጠማል። ተፈትቶ ቢዘረጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የፈታው ሰው ግን መልሶ የሚጠመጥምበት ዕድሜ አይተርፈውም።

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላይ ፒካፕ የመቀየር ሐሳብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በጥር ነው፤ ሠርግ የሚበዛው ያኔ ነውና። የሠርግ ባንድ ሲባል አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድምፃዊ፣ አንዳንዴ መሰንቆ፣ ሲቀናም አንድ ጊታሪስት ነው። ኪቦርዱ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ዋሽንቱንም እኔው እችለዋለሁ ስለሚል፣ ጊታሪስቱ ከክፍያው የሚደርሰውን ድርሻ ለማስከበር ድምፁ መሰማት አለበት። በርካሽ ጊታር ሲሞክረው የሚወጣው ግን “እምብም፣ እምብም” የሚል ከዳሱ ምሰሶ ይምጣ ከጊታሩ የማይለይ ነገር ይሆናል። ድምፁን ሲጨምር እምብምታው ይጨምራል። ከሙሽራው ወገን አንዱ ጠጋ ብሎ “ይሄ ልጅ ምን እየሠራ ነው?” ብሎ የሚጠይቀው ይሄኔ ነው።

የአገሩ ዜማ ለዚህ ዓይነት ጉድለት ምሕረት የለውም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ድምፆቹ ጥቂት ስለሆኑ ጌጡ ያለው በመካከላቸው በሚደረገው መመላለስ፣ በማርገብገቡና በማንሸራተቱ ላይ ነው። የሮክ ጊታሪስት ሦስት አራት ክር ባንዴ መትቶ ስህተቱን በዲስቶርሽን ይሸፍናል፤ የኢትዮጵያ ጊታሪስት ግን ክራር መቺ እንደሚያደርገው አንድ በአንድ እየለቀመ ነው የሚሄደው። ከአይቤክስ ባንድ እስከ ሮሃ ባንድ የዘለቀው ሰላም ሥዩም ከእነማህሙድ አህመድ ጋር ያስደመጠው ጊታር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ እያንዳንዷ ድምፅ ገብታ ስትወጣ ትሰማለች። ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ያደመቁት የጎጃም ጨዋታ ደግሞ ፈጣን ነው። ድምፆቹ ተጣብቀው ከወጡ ትከሻው የሚይዘው አጥቶ ይቆማል።

ፒካፕ ገዢው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ አልሰማ ስላለው ኃይለኛ ፒካፕ ይፈልጋል። ፒካፕ ኃይለኛ የሚሆነው ሽቦው ብዙ ዙር ሲጠመጠም ነው፤ ዙሩ በበዛ ቁጥር ከፒካፑ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ የላይኛው ቀጭን ድምፅ ግን ይታፈናል። ለጆሮ “ጥርት አለ” የሚያሰኘው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ፒካፕ በዚያ አካባቢ ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት አንድ ጉብታ አለው፤ ዙር በተጨመረ ቁጥር ጉብታው ወደ ታች ይወርዳል። የሽቦውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በቴስተር በመለካት ይህን በሩቁም ቢሆን መገመት ይቻላል። የስትራቶካስተር ዓይነት ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ወደ 6 ኪሎ ኦም ይለካል፤ የድሮው የጊብሰን ሃምበከር፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥቅሉ ፒካፕ፣ ከ7.5 እስከ 8.5 ነው፤ በ1972 የወጣው የዲማርዚዮ ሱፐር ዲስቶርሽን 13 ያልፋል፤ የሲሞር ደንከን ጄቢ 16 ይደርሳል። የኋለኞቹ ሁለቱ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የተሠሩት አምፕሊፋየርን ለማስጮህ ነው። ቁጥሩም ትርጉም የሚኖረው ተመሳሳይ ሽቦ የተጠመጠመባቸውን ሲያወዳድሩበት ብቻ ነው፤ ቀጭን ሽቦ በጥቂት ዙርም ቢሆን ብዙ ኦም ያሳያልና።

ስለዚህ ጥራት የፈለገ ሰው መጠየቅ ያለበት ደካማውን ፒካፕ ነው። ይህን በቃል ማውጣት ግን ቀላል አይደለም። በበርበሬም፣ በአረቄም፣ በበሬም ኃይለኛውን ሲመርጥ ያደገ ሰው ሱቅ ገብቶ “ጋሼ፣ ደካማው አለ?” ማለት ይከብደዋል። ቢጠይቅም ባለሱቁ “ወንድሜ፣ ደካማ ዕቃ ከፈለግህማ ሱቁ ሙሉ ነው” ይለዋል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው እንዲያመጣለት የጻፈም እንደሆነ፣ ዘመድየው ለወንድሙ አዝኖ “ትንሽ ጨምሬ ኃይለኛውን ገዛሁልህ” እያለ ይደውላል።

የማግኔቱ ነገር ባጭሩ ያልቃል። አልኒኮ የሚባለው ከአልሙኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ብረት ነው፤ አልኒኮ 2 ለስለስ፣ አልኒኮ 5 ነጠር ይላል። ሴራሚክ ማግኔት ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ በርካሽ ጊታሮች ላይ ይበዛል፤ ሴራሚክ ሁሉ መጥፎ ነው የሚለው ወሬ ግን ውድ የሚሸጡ ሰዎች ወሬ ነው።

ጠንከር ያለው ጥያቄ የሚመጣው ከአምፕሊፋየሩ ስለሚሰማው ጉርምርምታ ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ የክሩን ድምፅ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስክም ይለቅማል። የኢትዮጵያ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ጉርምርምታው 50 ኸርዝና የእሱ እጥፎች ነው። ዝቅተኛዋ ሶል፣ ኪቦርዲስቱ ጂ የሚላት፣ 49 ኸርዝ ናት። በሌላ አነጋገር የአገራችን መብራት ጥቂት ከፍ ባለች ሶል ሲያዜም ነው የሚውለው፤ ዘፈኑም ከሶል የተነሣ እንደሆነ ጉርምርምታውን ማንም አያስተውለውም፣ አንዳንዱ እንዲያውም ቤዙን ያመሰግናል። በአሜሪካ መብራቱ 60 ስለሆነ በሲ ቤሞልና በሲ መካከል ተንጠልጥሎ ማንንም አይጠቅምም። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሣ ግን ነገሩ ይበላሻል። ማቀዝቀዣውም ምጣዱም ባንዴ ሲሰካ የጀነሬተሩ ዙር ይወርዳል፤ ሶሏም ወደ ፋ ዲዬዝ ማዘንበል ትጀምራለች። ድምፃዊው ዞር ብሎ ጊታሪስቱን ይገላምጠዋል፤ ጊታሪስቱ መቃኛውን ይይዛል። ጥፋተኛዋ ጓዳ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር ማንም አያያትም።

የጉርምርምታውን መድኃኒት በ1955 ለጊብሰን የሠራው ሴዝ ላቨር የተባለ ሰው ነው። ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ ማግኔታቸውንም አጠማዘዛቸውንም ተቃራኒ አደረገ፤ ጉርምርምታው በሁለቱ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚመጣ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሃምበከር የተባለው ይህ ነው። የፈጠራ መብቱ የጸደቀው በ1959 ቢሆንም ከዚያ በፊትም ሆነ ለጥቂት ጊዜ ከዚያ በኋላ ከሥሩ “ፓተንት ተጠይቋል” የሚል ወረቀት ይለጠፍበት ነበር፤ ወረቀቱ ያለባቸው ዛሬ በመኪና ዋጋ ይሸጣሉ። የሃምበከር ጉድለቱ ከነጠላው ወፈር ማለቱ ነው። ለሠርግ ባንድ የሚያዋጣው እንግዲህ መካከለኛው መንገድ ነው፤ ወይ ዝቅተኛ ዙር ያለው ሃምበከር፣ ወይ ሁለቱ ጥቅሎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የሚሠሩበትና ከላይ ሲታይ ነጠላ የሚመስለው ድምፅ አልባ የሚባለው ዓይነት። ሁለተኛው የስትራቶካስተር ቀዳዳ ውስጥ ጊታሩን ሳይፈነቅሉ ስለሚገባ ይመረጣል።

ከመግዛት በፊት ግን ካቻቪቴ ማንሣት ይገባል። ፒካፑን የያዙት ብሎኖች ሲዞሩ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል፤ ከፋብሪካ የመጣበት ከፍታ ትክክል ነው ብሎ ማመን የዋህነት ነው። ብዙ ተጫዋች ድምፅ እንዲጨምርለት ፒካፑን ወደ ክሩ ያስጠጋዋል። በጣም የቀረበ ማግኔት ግን ወፍራም ክሮችን እየሳበ ይይዛቸዋል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ከቅኝት ይወጣል፣ በትዝታ የተጀመረው ዘፈን ሳይታሰብ አንቺሆዬ አንቺሆዬ ይላል። ጥፋቱም እንደ ልማዱ በድምፃዊው ላይ ይላከካል። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ በክሩና በማግኔቱ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መተው፣ በቀጭኑ ክር በኩል ትንሽ ቀረብ ማድረግ ደህና መነሻ ነው። ይህ ምንም አያስከፍልም፤ ብዙ የሚሠራበት ያጣውም ስለማያስከፍል ይመስላል።

ከዚያ ክሩ አለ። በጥር ከዳስ ዳስ የዞረ፣ በላብና በቅቤ የታሸ፣ ሲበጠስ ብቻ አንድ በአንድ የሚተካ ክር በየትኛውም ፒካፕ ላይ የጠራ ድምፅ አይሰጥም። ከክሩ ቀጥሎ ኬብሉ ነው። እያንዳንዱ ሜትር ኬብል ከላይኛው ድምፅ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል፤ አምፕሊፋየሩ ሶኬት በተገኘበት በዳሱ ወዲያኛው ጫፍ፣ ጊታሪስቱ ደግሞ ሙሽሮቹ አጠገብ ሲቆሙ፣ በመካከላቸው የተዘረጋው አሥራ አምስት ሜትር ቅጥልጥል ኬብል ውድ ፒካፕን ወደ ርካሽ ፒካፕነት ይመልሰዋል። ሦስተኛው የቮልዩሙ መቆጣጠሪያ ነው። ለነጠላ ፒካፕ 250፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም ይገባል። ሃምበከር አስገብቶ አሮጌውን 250 የተወ ሰው ድምፁን በገዛ እጁ አፍኗል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጊታሩ ከታፈነ መቀየሩ ተገቢ ነው። ብየዳውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ የሞባይልና የሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ከጊታር መዋቅር ይልቅ ጥቃቅን ሽቦ የለመደ ስለሆነ አይፈራም። የፕላስቲኩ ሽፋን ይነሣል፤ ከሥሩ ሦስት ፒካፖች፣ የተጠላለፉ ሽቦዎች፣ አንድ ያረጀ ፕሌክትረምና የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሎሚ ፍሬ ይገኛሉ። ጠጋኙ ከመፍታቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ማንሣት አለበት። መበየጃውን ሽቦው ላይ ካቆየው የውስጡ ቀጭን ጥቅል ይቃጠላል፤ ይህ ሲሆን ምንም ጭስ ስለማይታይ ክርክሩ ረጅም ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ተቀይሮ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲከፈቱ ድምፁ እንደ ትንኝ ከቀጠነ የአንዱ ሽቦ ተገልብጧል፤ ሁለቱን ጫፎች ማቀያየር ይበቃል። ክሩን በእጅ ሲነኩት ጉርምርምታው የሚቀንስ ከሆነ ወደ ክሩ መቀመጫ የሚሄደው ሽቦ ደህና ነው። ጊታሪስቱ እየዘፈነ ከንፈሩን ማይክራፎን የሚነዝረው ከሆነ ግን ችግሩ የፒካፕ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ መሬት ስለሌለው ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያሥቅ ነገር አይደለም፣ ተነቅሎ ባለሙያ መጠራት አለበት።

የጊታሩ ድምፅ ሲጠራ መሰንቆ መቺው ለራሱም መጠየቁ አይቀርም። የጊታር ፒካፕ እዚያ አይሠራም። የመሰንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ማግኔት የፈረስ ጭራን አያውቅም፣ ዓለም እስኪያልፍ ሥሩ ቢቀመጥ ጭጭ ነው። ለመሰንቆ የሚሆነው ከቁርበቱ ወይም ከክሩ መቆሚያ ጋር የሚያያዘው ፒየዞ ነው፤ እሱ የመስክን መታወክ ሳይሆን ግፊትን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፣ ነገሩንም በ1880 ፒየርና ዣክ ኩሪ ደርሰውበታል። ፒየዞ ግን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ከተሰካ እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል፤ በመካከል የመግቢያ ተቃውሞው 1 ሜጋ ኦም ያህል የሆነ ትንሽ ማጉያ ያስፈልገዋል። ክራር መቺው ይሻለዋል። ክሩ ጅማት ወይም ናይለን ከሆነ ከመሰንቆው እኩል ነው፣ ብረት ከሆነ ግን የጊታር ፒካፕ ይይዝለታል። የለንደኑ፣ በተመስገን ዘለቀ የተመራው ክራር ኮሌክቲቭ የኤሌክትሪክ ክራርን በአውሮፓ መድረኮች ያሰማው በከንቱ አይደለም።

ለደብረ ማርቆስ ሠርግ ጊታሪስት ፍርዱ ይህ ነው፦ ስትራቶካስተር መሰል ጊታር ካለው 6 ኪሎ ኦም አካባቢ የድሮውን ድምፅ የሚከተል አልኒኮ 5 ነጠላ፣ ጀነሬተር ከበዛበት ድምፅ አልባውን፣ ሃምበከር የሚይዝ ጊታር ካለው ከ8.5 የማይበልጥ ሃምበከር ከ500 ቮልዩም ጋር ይግዛ። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ሊድ የሚጫወትበትን ይቀይር። አሮጌውን ፒካፕ አይጣለው፤ አዲሱ ካልተስማማው ተመልሶ ይገባል፣ ከተስማማውም ለሌላ ጊታሪስት ይሸጣል፣ ኃይለኛ ነው ተብሎ።