ኮምፒውተር የማይፈልግ የኮምፒውተር ትምህርት

አየር ጤና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ የሚባዛውን «ለጀማሪዎች» የተባለ የፕሮግራሚንግ ሞጁል የሚያጣጥል ሰው፣ ጥልቀቱን አልተረዳውም። ተማሪው አንድ መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት አባከስን፣ ቻርልስ ባቤጅንና የቫኪዩም ቲዩብን ዘመን በቅደም ተከተል ይሸመድዳል። ተገቢ ነው፤ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች ታክሲ ለመሳፈርም እኮ አስቀድሞ የመንኮራኩርን አፈጣጠር ማጥናት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ምሳሌ «አይኦስትሪም ዶት ኤች» ብሎ ይጀምራል። ቋንቋው በ1998 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲወጣለት «ዶት ኤች»ን ጥሏታል፤ ሞጁላችን ግን የድሮ ወዳጁን አይከዳም። የዛሬ ኮምፓይለር ኮዱን አልቀበልም ቢል፣ ጥፋቱ ያለጊዜው የዘመነው የኮምፓይለሩ ነው።

ደግነቱ ፈተናው በወረቀት ነው። ወረቀት መብራት ሲሄድ አይጠፋም፣ ቫይረስ አይይዘውም፣ ከሁሉም በላይ «ስህተት አለብህ» ብሎ ሰው ፊት አያሳፍርም። ተማሪው በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ መምህሩ በዓይኑ ያስኬደዋል። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራውን ኮድ የጻፈ ተማሪ ግን «ዶት ኤች»ን ስለዘለለ ማርክ ይቀነስበታል። ማን ኮምፒውተር ንካ አለው?

አገራችን በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና በኢንተርኔት ጀምራለች። ለምን እንዲህ ያለ ወጪ? አምስት ሚሊዮን እስክሪብቶ ይበቃ ነበር፤ ሰርተፊኬቱንም እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ያደርጉልን ነበር።